ያዋጣው ወይስ የሚኖረው? አዲስ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ሲሠራ

ውድ ታዳሚዎች፣ የዚህ አዳራሽ ወንበሮች ብዙ እንደማያስቀምጡ ስለማውቅ በቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዛሬ የምናገረው ከብዙ ሰው እጅ በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስቦ ከተማ ስለሚሠራበት ገንዘብ ነው። እንዲህ ባለው ከተማ ላይ «የእኔ ነው» ብሎ የማዘዝ መብት የማን ነው? ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ወይስ ውስጡ የሚኖረው? ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሣም። ብዙ ጊዜ ግን ለየብቻ ናቸው፤ አዲስ ከተማ ውስጥ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚያ ይመነጫል።

ማዋጣትማ ለእኛ ብርቅ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ወደ 8100 መልእክት ላከ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ጉባን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው «ግድባችን» እያለ አለቀሰ፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን ለእኔ ጥያቄ ግድብ ቀላሉ ጉዳይ ነው። ኃይሉ በሽቦ፣ ኩራቱ በቴሌቪዥን ቤታችን ድረስ ይመጣልናል። ሰጪው ከግድቡ ጋር ደረጃ አይጋራም፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳ አይጨቃጨቅም።

ከዚያ በፊትም በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው፣ ከትርፋቸው እያዋጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አሠርተዋል። ኑሯቸው መርካቶ ነበር፣ መንገዱ ያለው ጉራጌ አገር። ሆኖም ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሲገቡ በዚያው መንገድ ይሄዱ ነበርና ጭቃውንም አቧራውንም ያውቁታል። መንገዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰማቸው ያሠሩት ሰዎች ነበሩ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ፤ ረዘም አድርጌም እዚያ አቆያችኋለሁ፤ የምናገረውን ነገር ከዚያች ከተማ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ከለንደን በስተ ሰሜን ሌችወርዝ የምትባል ከተማ አለች። የሐሳቧ አባት ኤቤነዘር ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ መሐንዲስም ባለሀብትም አልነበረም፤ በፓርላማ የሚነገረውን ከሥር ከሥር የሚጽፍ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ነበር። የሌላውን ንግግር ሲጽፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1898 በአርባ ስምንት ዓመቱ የራሱን ሐሳብ በመጽሐፍ አወጣ። ለማሳተሚያው እንኳ 50 ፓውንድ ያገኘው ከወዳጁ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ለንደን በጭስና በጥበት ታፍናለች፤ ገጠሩ ሥራ አጥቶ ሰዉ እየሸሸው ነው። ስለዚህ ርካሽ የእርሻ መሬት በአንድ ላይ ይገዛ፤ ፋብሪካም አትክልትም ያለበት፣ መጠኑ የተወሰነ ከተማ ይሠራበት፤ በዙሪያው እርሻ ይቀመጥ። ከተማው ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ መጨመሩ አይቀርም። ጭማሪው ግን ለባለርስት መበልጸጊያ መሆኑ ይቅርና ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለአዛውንት ጡረታ ይዋል። ነዋሪው በመኖሩ የፈጠረውን ዋጋ መልሶ ራሱ ይብላው ማለት ነው። የሊዝ ጨረታ ዋጋ በየጋዜጣው ለምናነብ ለእኛ ይህ ሐሳብ ባዕድ አይመስለኝም።

ገንዘቡን ከመንግሥት አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1903 «ፈርስት ጋርደን ሲቲ» የተባለ ኩባንያ በ300 ሺህ ፓውንድ የተፈቀደ ካፒታል ተቋቋመና ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ለገዢዎቹ የተነገራቸው የትርፍ ድርሻ በዓመት ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ ነው። «ግዙ፤ ብዙ አታተርፉም» ብሎ አክሲዮን ለሚሸጥ ሰው ድፍረቱ ያስቀናኛል። ከዳይሬክተሮቹ መካከል የቸኮሌቱ ካድበሪና የሳሙናው ሌቨር ነበሩበት። ከአሥራ አምስት ባለርስቶች 3,818 ኤከር፣ ማለትም ወደ 1,500 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ተገዛ። ኦክቶበር 9 ቀን ክቡራን እንግዶች በድንኳን ተሰብስበው በዝናብና በጭቃ መሀል ከተማዋ ተከፈተች ተባለ። ቤት ግን ገና አልነበረም።

ገንዘቡም አልጎረፈም። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው አክሲዮን 100 ሺህ ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም የተፈቀደው ሲሶ ነበር፤ ለቀረው ብድር ተገባ። የመጀመሪያው የትርፍ ድርሻ የተከፈለው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ እሱም 1 በመቶ። ሙሉው 5 በመቶ የተገኘው በ1923፣ ያለፈው ውዝፍ ተከፍሎ ያለቀው በ1946። አንዳንዱ አክሲዮን ገዢ ድርሻውን የበላው በልጁ እጅ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ለከተማ የሚሰበሰብ ገንዘብ ትዕግሥቱ ይህን ያህል ነው፤ በስድስት ወር ውጤት ለሚጠይቅ ሰው አይሆንም።

ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ ዳይሬክተሮቹ ፈሩ። የሃዋርድ ዕቅድ የመሬት ኪራዩ በየጊዜው እየተገመገመ እንዲጨምርና ጭማሪው ለነዋሪው እንዲውል ነበር። ፋብሪካ ሊተክልም ቤት ሊሠራም የመጣው ሰው «ነገ ስንት እንደምትጠይቁኝ ሳላውቅ አልገባም» አለ። ኩባንያውም ተረታና ለ99 ዓመት በቁርጥ ኪራይ ማከራየት ጀመረ። ይህች 99 የምትባል ቁጥር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለችም፤ በእኛም የሊዝ ሕግ የመኖሪያ ቤት ዘመን እሷው ናት። ወሳኙን ወንበር የያዙት ባለአክሲዮኖች የመረጧቸው ዳይሬክተሮች ነበሩ። ነዋሪው ኪራይ ከፋይ ነበር እንጂ የኩባንያውን ዳይሬክተር አይመርጥም።

ታዲያ ይህች ከተማ ነፍስ የዘራችው የት ላይ ነው? በእኔ ግምት በዝናቡ ቀን አይደለም።

መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ለየት ያሉ ነበሩ። ሥጋ የማይበሉ፣ በብርዱ አገር ሰንደል የሚጫሙ፣ እንደ ሃዋርድ ኤስፔራንቶ የተባለውን ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ የሚማሩ። ከለንደን በባቡር እየመጣ የሚያያቸውና የሚስቅባቸው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 በ150 ፓውንድ የሚሠሩ ቤቶች ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ወደ 60 ሺህ ሰው ጎበኘው። ቤቶቹ ርካሽ ተባሉ እንጂ ጉልበት ሠራተኛው ኪራያቸውን አልቻለም፤ ብዙው ከጎረቤት ከተማ ከሂቺን እየተመላለሰ ይሠራ ነበር። ለሠራተኛ ተብሎ የተሠራ ከተማ ሠራተኛውን አለማሳደሩ የብዙ አዲስ ከተሞች ታሪክ ነውና አልፈዋለሁ።

በ1907 ግን አንድ ነገር ሆነ። በከተማዋ የመጠጥ ፈቃድ ይሰጥ አይሰጥ የሚል ክርክር ተነሣ። ባለአክሲዮኖች አልተጠየቁም፤ ለንደን ያሉት ዳይሬክተሮችም በር ዘግተው አልወሰኑም። ድምፅ የሰጠው ነዋሪው ነው። ሴቶችም ድምፅ ሰጡ፤ በአገሪቱ የፓርላማ ምርጫ ላይ እንግሊዛውያት ያን መብት ማግኘት የጀመሩት ገና በ1918 መሆኑን አስቡት። ብዙው «አይሰጥ» አለ። በዚያው ዓመት የተከፈተው መጠጥ ቤትም ቤቱም ወንበሩም ተሟልቶለት አልኮል ግን ያልነበረበት ነው። እኔ በበኩሌ በዚያች መጠጥ ቤት ለመቀመጥ ብዙም አልጓጓም። ነገር ግን የሚኖሩበትን ሰፈር ልማድ በራሳቸው ድምፅ ወሰኑ፤ በውሳኔው የተናደደውም ቢሆን የከተማው ሰው ሆኖ ነው የተናደደው። ነፍስ የዘራችው ያኔ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በጎን ደግሞ ሌላ አሠራር ነበር። የተከራዮች ማኅበር ተቋቁሞ ተከራዩ ራሱ በማኅበሩ ውስጥ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ድርሻ ይገዛል። ቤቱ የማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ የተከራዮቹ ነው። ቤቱን በደንብ ከያዙት የጥገና ወጪው ይቀንስና ትርፉ ወደ እነሱ ይመለሳል። የመስቀል መንገደኞቹን አስታወሳችሁ? ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰማው ያዋጣው ሰው ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

ኩባንያው ግን እንደዚያ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የትርፍ ድርሻው ገደብ በኩባንያው ደንብ ማሻሻያ ተነሣ። ያን ጊዜ የሌችወርዝ መሬት ዋጋው ከአክሲዮኑ ዋጋ እጅግ በልጦ ነበር። ይህን ያየ ሆቴል ዮርክ የተባለ ድርጅት አክሲዮኑን ዝም ብሎ ሰበሰበና እ.ኤ.አ. በ1960 ከተማዋን የያዘውን ኩባንያ ተቆጣጠረ። ሕገወጥ ሥራ አልሠራም። አክሲዮን የያዙት ብዙዎቹ ሃዋርድን የሚያውቁት በስም ነበር፤ ዋጋው ሲጥማቸው ሸጡ።

ከተማዋን ያዳኗት አክሲዮን ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ነዋሪውና የአካባቢው ምክር ቤት ተነሡ፣ ወደ ፓርላማ ሄዱ፤ በ1962 ለዚህች ከተማ ብቻ የሚሆን ሕግ ወጣ። ከጃንዋሪ 1963 ጀምሮ መሬቱ በሕዝባዊ ኮርፖሬሽን እጅ ገባ፤ ከ1995 ወዲህ ደግሞ የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ነው፤ ከኪራይ የሚተርፈውን ለከተማዋ ያውላል። ሃዋርድ በ1898 የጻፈው ነገር ወደ መቶ ዓመት ገደማ ዞሮ፣ ያውም በጠበቃና በሕግ አውጪ ኃይል ተፈጸመ። የ1907ቱ ዓይነት ነዋሪ ባይኖራት ሌችወርዝ ዛሬ እንደማንኛውም የለንደን ዳርቻ ትሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጥ አይቻልም፤ ቢሆንም አምናለሁ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ገንዘቡ በኢንተርኔት ይሰበሰባል። ሮተርዳም ውስጥ ባቡር ሐዲድና ሰፊ መንገድ የቆራረጧቸውን ሰፈሮች የሚያገናኝ የእግረኛ ድልድይ ለመሥራት አርክቴክቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰቡ። 25 ዩሮ የሰጠ ሰው ስሙ በአንድ ጣውላ ላይ ይጻፍለታል፤ «ብዙ በሰጣችሁ መጠን ድልድዩ ይረዝማል» ተባለ። ቢጫ ቀለም የተቀባው፣ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋው ድልድይ በ2015 አለቀ። ዋናው ገንዘብ ግን የመጣው የሮተርዳም ነዋሪዎች ለከተማ ፕሮጀክቶች ውድድር በሰጡት ድምፅ ከተገኘው 4 ሚሊዮን ዩሮ ነው። እዚህም ላይ ከጣውላው ይልቅ ድምፁ ከበደ። ስም የተጻፈበት እንጨት ደስ ይላል፣ ፎቶ ይነሡበታል። ነገር ግን እንጨት ይበሰብሳል፤ የመቀየሪያውን ገንዘብ ስሙ የተጻፈለት ሰው ይስጥ የሚል ውል የለም።

አሁን ወደ አገራችን።

አዲስ አበባ ውስጥ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ አዲስ ከተማ የለንም የሚል ካለ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ቦሌ አራብሳን ሄዶ ይይ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 በሚባሉት የኮንዶሚኒየም ቤት መርሐ ግብሮች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። 20/80 ማለት አንድ አምስተኛውን ቆጥበህ ትቀርባለህ፣ ቀሪውን ባንክ ያበድርሃል ማለት ነው። ቁጠባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይቀመጣል፤ ባንኩ የከተማ አስተዳደሩን ቦንድ ይገዛል፤ በዚያ ገንዘብ ብሎኬቱ ይደረደራል። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መምህሩ በየወሩ ከደመወዛቸው ቆንጥረው ከተማ ሠርተዋል። እነዚህን ሰዎች «ተጠቃሚ» ማለት ለምደናል። ገንዘባቸው ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ሰዎች ናቸው፤ እኔ መሥራች እላቸዋለሁ።

መሥራች ግን አልተደረጉም። የት እንደሚኖሩ፣ በስንተኛው ፎቅ፣ ከማን ጎን የሚወስነው ዕጣ ነው። ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ለሴቶች 30 በመቶ መለየቱንም ደግ ሥራ እለዋለሁ። ይሁን እንጂ በልደታ ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና የተጣጡ ጎረቤቶችን አንዱን የካ፣ አንዱን አቃቂ ይወረውራል። ዕጣው ራሱም የሚታመን መሆን አለበት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ቁጠባቸውን ያላሟሉ ሰዎች ተካተውበት ተገኝቶ ተሰርዞ እንደገና መውጣቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሳያጓድል የቆጠበ ሰው ያን ቀን የተሰማውን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከቆጣቢው ሌላ፣ ሳይመዘገብ ከሁሉ በላይ ያዋጣ ሰውም አለ፤ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ሳይት ምክንያት በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሥቷል። የወሰን ጥያቄ ነበረበት፣ ለተነሡት ገበሬዎች የተሰጠው ካሳ ጥያቄም ነበረበት። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች እተዋለሁ። እንደ ከተማ ባለሙያ ግን አንዱ የአሥር ዓመት ቁጠባውን፣ ሌላው የአባቱን ማሳ ሰጥቶ ሁለቱም በአንድ ቦታ «የእኔ ነው» ሲሉ፣ ሁለቱም እውነት መናገራቸውን እናገራለሁ። የሌችወርዝ አሥራ አምስት ባለርስቶች ተዋውለው፣ ዋጋቸውን ተቀብለው ነው የወጡት። እዚህ ግን ውል አልተገናኘም።

ቁልፍ ከተረከቡ በኋላስ? በየሳይቱ ሁለት ድርጅቶች ይበቅላሉ፤ ማኅበሩና ዕድሩ።

ማኅበሩ በሕግ የተቋቋመ ነው፤ መሠረቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አባልነቱ የቤት ባለቤት ለሆነ ሰው ነው። ሆኖም የኮንዶሚኒየም ቤት ብዙው ተከራይቷል። ባለቤቱ ዕዳውን ለመክፈል ያከራየዋል፣ ራሱ ርካሽ ቤት ተከራይቶ መሀል ከተማ ይኖራል። እኔ የምኖርበት ብሎክ ላይ የማኅበር ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ቤቱን የያዙት ጥቂት ባለቤቶች ናቸው፤ ተከራዮቹ ስብሰባው በበራቸው አጠገብ ሲካሄድ በመስኮት ያዩናል። የደረጃው አምፖል የተቃጠለባቸው፣ ውኃው የተቋረጠባቸው እነሱ ናቸው። እኛ እዚያ ቁጭ ብለን ስለ አምፖሉ እንከራከራለን።

«ኮሙናል» የምንለውን ቤት ውሰዱ። ለበግ ማረጃ፣ እንጀራ ለመጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ በሚል የተሠራ ነው፤ አቃጁ አበሻ ፎቅ ላይ እንዴት እንደሚኖር ትንሽ አስቦ ነበር። በብዙ ሳይት ዛሬ ለሱቅ ወይም ለሌላ ሥራ ተከራይቷል። ለማኅበሩ ገቢ ያመጣል፤ ባለቤቱም መዋጮው ስለሚቀንስለት ይደሰታል። ለፋሲካ በጉን ደረጃ ላይ የሚያርደው ተከራይ ግን አልተጠየቀም። ሌችወርዝ በትንሹ ማለት ነው፤ ትርፉ ላልኖረበት፣ ደሙ ለሚኖርበት።

ዕድሩ ግን የቤት ካርታ አይጠይቅም። አዲስ የገባ ሰው መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ወር በወር መዋጮውን ያዋጣል፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፤ ባለቤትም ተከራይም በአንድ መዝገብ ተጽፎ። ዳኛውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ ሒሳቡ በስብሰባ ይነበባል። መቅረትም ያስቀጣል። ዕጣ በትኖ ያመጣቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ «የሰፈራችን ሰው» የሚባባሉት ዕድር ላይ ነው። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሰዉን የማሰባሰብ ኃይሉ ግን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለምን ቢሉ፣ የሚያዋጣው፣ የሚወስነውና የሚጠቀመው ያው አንድ ሰው ስለሆነ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ዕድርን ሳወድስ «ናፍቆት ነው» ይሉኛል። ዕድርም ጉድለት አለበት፤ ብዙው ኮሚቴ ሽማግሌ ወንዶች ናቸው፣ ወጣቱ ስሙን ያስመዘገበው እናቱ ስለጨቀጨቀችው ነው። ዕድር ከተማ ያስተዳድር አላልሁም። የማኅበሩ ደንብ ከዕድሩ አንድ ነገር ይዋስ ነው የምለው፤ ተከራይ በጋራ ቦታዎች አጠቃቀም ላይ፣ በኮሙናሉ፣ በጥበቃው፣ በቆሻሻው፣ በመብራቱ፣ ድምፅ ይኑረው። ባለቤቱ ስለ መሸጥና ስለ ትልቅ ግንባታ የብቻው ድምፅ ይቆይለት፤ ያ ንብረቱ ነው። አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ ግድ አይመስለኝም፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከተስማማ በመተዳደሪያ ደንቡ የነዋሪ ኮሚቴ ማቋቋምና ተከራዮችን ማስገባት ይችላል።

በውጭ አገር ያላችሁና 40/60 የቆጠባችሁ ወገኖች ይህን ብታነቡ ነገሩ እናንተንም ይነካል። ቤታችሁን ያከራያችሁት፣ ስብሰባው በእኩለ ሌሊታችሁ የሚደረገው እናንተ ናችሁ። ውክልና ለወንድማችሁ ሰጥታችሁ እሱም አይመጣም። ድምፃችሁን በጋራ ቦታ ጉዳይ ላይ ለተከራያችሁ ብታውሱት የምታጡት ነገር አይታየኝም፤ ሕንፃውን በዓይኑ የሚያየው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር ለእናንተ ለተማሪዎቹ ነው። የ40/60 ሕንፃዎች አሳንሰር አላቸው፤ ሰንጋተራና ክራውን አካባቢ የተሠሩት አሥራ ሁለት ፎቅ ድረስ ይደርሳሉ። አሳንሰር መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰው «እኔ አልወጣበትም፣ አልከፍልም» ይላል። አሥራ አንደኛ ፎቅ ያለው ተከራይ «ኪራይ ከፍያለሁ፣ ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። ባለቤቱ ስልክ አያነሣም። በዚህ ሴሚስተር በምታቀርቡት የአዲስ ሰፈር ፕላን ላይ ከአሳንሰሩ ሥዕል አጠገብ አንድ ገጽ ጨምሩልኝ፤ ማን ስንት ያዋጣል፣ ባይከፍል ምን ይሆናል፣ ማንስ ድምፅ ይሰጣል። ያን ገጽ ያላመጣ ተማሪ ፕላኑን አላይለትም።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ከአምስተኛ ፎቅ በላይ የሚኖር ካለ ቅድሚያ እሰጠዋለሁ።